ኢሉባቦር ሩቅ ነውን?

በየዓመቱ የምረቃ ወራት ሲቃረብ የተማሪዎች ኮሚቴ አንድ ስብሰባ ይጠራል፤ የስብሰባውም ጉዳይ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሐዋሳ ወይስ ላንጋኖ? ክርክሩ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በመጨረሻም ወይ ሐዋሳ ወይ ላንጋኖ ይሆናል። እኛ በሐይቅ ዳር ዓሣ መብላትን የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን ባለፈው ኅዳር በኢሉባቦር ካደረግነው ጉዞ ወዲህ ይህ ክርክር እንደ ቀድሞው ሊጥመን አልቻለም፤ ስለዚህ የዘንድሮው የማኅበራችን ጉዞ ወደ መቱ፥ ወደ ጎሬና ወደ ቡሬ እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን።

ቡሬ ስንል የጎጃሙን ማለታችን አይደለም። ይህን የምንናገረው አንባቢን ንቀን ሳይሆን እኛው ራሳችን በአውቶቡስ ተራ ስለ ተቸገርን ነው፤ «ቡሬ» ባልን ቁጥር ወደ ጎጃም መኪና ይመሩን ነበር። ሦስት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስንሆን አራተኛው፥ የዶርማችን ባልደረባ፥ የዚያው አገር ልጅ ነው። ያለ እርሱ ምናልባት እስከ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ እንገኝ ነበር።

ጅማን፥ አጋሮንና በደሌን አልፈን መቱ የደረስነው ሲመሽ ነው። የያዩን የቡና ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ ዓለም ያወቀውን ይህን ደን ስናልፍ ግን ከሦስታችን ሁለታችን እንቅልፍ ላይ ነበርን። በማግስቱ በጎሬ በኩል ወደ ቡሬ ስንጓዝ አልተኛንም። ዋንዛውና ቀረሮው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ፥ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል፥ ከመካከላችን አንዱ በአድናቆት «ይህ ሁሉ ባለቤት የሌለው ጫካ!» አለ። የአገሩ ልጅ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። መልሱን ለአባቱ ማቆየቱ እንደ ነበር በኋላ ገባን።

አባቱ በማግስቱ ጠዋት ወደ ጫካው ይዘውን ገቡ። «ያ ዛፍ የማን ነው?» ብለው ጠየቁን። ምን እንበል? ከላይ፥ ዓይናችን ሊደርስበት በማይችል ከፍታ፥ ረጅም ቀፎ ተጋድሟል። የጎረቤታቸው ነው፤ በገመድ እየወጣ ማር የሚቆርጠውም እርሱ ነው። ከጅረቱ ወዲህ ያለው ቡና የእርሳቸው፥ ከጅረቱ ማዶ ያለው የወንድማቸው ነው። ከለቀማ በፊት የቡናው ሥር ይመነጠራል፤ ትልልቁ ዛፍ ግን አይነካም፤ ቡናው ጥላ ይፈልጋልና። እኛ የሰው እጅ ያልነካው ብለን ያደነቅነው ጫካ እንግዲህ በየዓመቱ እየተመነጠረ፥ እየተለቀመ፥ እየተጠበቀ የኖረ ነው። «ባለቤት የሌለው አገር አይታችሁ ታውቃላችሁ፥ ልጆቼ?» አሉን። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ስንቱ ሰው በዚህች አንዲት ቃል ስንት ነገር እንደ ወሰነ ስናስብ አፈርን።

ከዚህ የባሰው ኀፍረት ግን ከቤት ጠበቀን። ባልደረባችን ወደ ገበያ ሲሄድ ከእናቱ ጋር ቀረን። እርሳቸው አማርኛ አያውቁም፤ እኛም ኦሮምኛ አናውቅም። እንደ ድዳ እየተሳሳቅን ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። የቡና ማስጫው አልጋ ላይ እሸቱን ሲያገላብጡ ልናግዛቸው ብንነሣም እጃችን ከመርዳት ይልቅ ማበላሸት ያዘ። ልጃቸው ሲመለስ በእርሱ በኩል የጠየቁን የመጀመሪያ ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ አንድ ስኒ ቡና ስንት ነው?» የሚል ነበር። እውነተኛውን ዋጋ መናገር ከበደንና ቀንሰን ነገርናቸው። የቀነስነውንም ሰምተው ወደ ጀንፈሉ ጆንያ ዘወር ብለው ዝም አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ሦስት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ስንቀመጥ፥ ከቁርሳችን ጋር የምንጠጣውን ቡና ለሚያደርቁልን እናት «እንደምን አደሩ» ለማለት አለመብቃታችንን ምን እንበለው?

ስለ ሩቅነቱ ደግሞ እንነጋገር። መቱ ላይ በ2004 ዓ.ም. ሥራውን ወደ ጀመረው ዩኒቨርሲቲ የተመደቡ ጓደኞቻችን «ጫካ ውስጥ ተጣልን» እያሉ ሲያለቅሱ ሰምተናል። ነገር ግን ሩቅ የሚባለው ከየት ተለክቶ ነው? ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በጋምቤላ፥ በባሮ ዳር፥ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ይመጣል። የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ በቡሬ አልፎ ወደዚያ ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ በዚያው መንገድ ይወጣል። ያን ጊዜ ቡሬ የአገር በር ነበረች። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅም የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ነበር የተዛወረው። ዛሬ መርከቡ የለም፤ ስለዚህ በሩ ተረስቶ ጓዳ ተባለ።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው፥ አብዛኞቹ በማስተማር፥ ያገለግሉ ነበር። ያ ይመለስ አንልም፤ በግድ የሚደረግ ነገር ሰውን እንደሚያስመርር እናውቃለን። የምንለው አንድ ሳምንት ነው፤ እርሱም በፈቃድ።

መንገዱ ረጅም ነው፥ ገንዘቡ ይበዛል ለሚሉን፥ የላንጋኖው ሆቴል ሒሳብ ይቅረብና እናወዳድር እንላለን። የጸጥታውን ሥጋት ግን አቅልለን አናየውም፤ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው ተጎድቷል፤ ስለዚህ መንገዱ ሰላም መሆኑ ከአካባቢው ሰዎች ሳይጠየቅ አንድም መኪና እንዲነሣ አንፈልግም። ከመሄዳችን በፊት ደግሞ በሳምንት ሁለት ሰዓት ኦሮምኛ እንማር። ባልደረባችን ያለ ክፍያ ሊያስተምረን ተስማምቷል፤ ቢበዛ ለምሳ እንጋብዘዋለን።

ሐሳቡን የሚደግፍ ሁሉ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ። የምንሄደው በለቀማው ወራት ከሆነ እጅ ይፈለጋል ተብለናል፤ እሸቱን ሳናበላሽ ማገላበጥ ግን አስቀድመን መማር ይኖርብናል።