ቦዩ ተቆፈረ፤ ማጠጣቱን ማን ያስተምር?

ከወላይታ ሶዶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወረድ ቤሌ ትገኛለች። የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት። ከዚያው አካባቢ ሳይርቅ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ ኦሞን የገደበው ጊቤ 3 አለ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የቆላው ገበሬ ግን ዛሬም የበልግ ዝናብ ይመጣ ይሆን እያለ ሰማይ ያያል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለዚህ ነው።

ለዚህ ችግር ከቀበሌ እስከ ፌዴራል የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ መስኖ ይስፋፋ። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ቦይ ይቆፈራል፣ ፓምፕ ይታደላል፣ ምረቃ ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። በማግስቱ ገበሬው ከቦዩ ዳር ብቻውን ይቀራል። ስንት ሰዓት ያጠጣ? በስንት ቀን ልዩነት? ሽንኩርቱና በቆሎው እኩል ውሃ ይፈልጋሉ? ይህን የሚነግረው ሰው የለም ወይም ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተነግሮት፣ አበሉን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ውሃ ማጠጣት ምን ትምህርት ያስፈልገዋል የሚል አይጠፋም። እስቲ በቁጥር እንየው።

በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 10 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10 ሺህ ሊትር ነው። በሞቃት ቆላ አንድ ሰብል በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል እንበል። በየ6 ቀኑ የሚያጠጣ ገበሬ በአንድ ተራ 30 ሚሊ ሜትር መስጠት አለበት። ማሳው ሩብ ሄክታር ከሆነ 75 ሜትር ኩብ ነው። በፈር የሚሰጥ ውሃ ሁሉ ወደ ሥር አይደርስም፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ለዚህ ዓይነቱ መስኖ የሚጠቀምበት መለኪያ 60 በመቶ ነው። ስለዚህ 125 ሜትር ኩብ መልቀቅ ያስፈልጋል። ቦዩ በሰከንድ 5 ሊትር ካመጣ ሥራው በ7 ሰዓት ያልቃል።

አሁን ገበሬው ማታ ከፍቶ፣ ተኝቶ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ጠዋት ቢዘጋውስ? 216 ሜትር ኩብ ሄዷል። ያለጥቅም የፈሰሰው 91 ሜትር ኩብ ደግሞ ከታች ላለው ጎረቤት አንድ ሙሉ ተራ ከሚያስፈልገው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ነው። ገበሬው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ተራው መቼ ተመልሶ እንደሚደርሰው እርግጠኛ ስላልሆነና ስንት ሰዓት እንደሚበቃው ያሳየው ስለሌለ ነው።

ጉዳቱ በጎረቤት አያበቃም። ትርፍ ውሃ ብዙ ብር የወጣበትን ዩሪያ ከሥር በታች አጥቦ ይወስዳል። ውሃ መውጫ በሌለው መሬት ላይ ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ እያለ ጨው ወደ ላይ ያመጣል። ይህ የመጽሐፍ ተረት አይደለም። በአዋሽ ሸለቆ በመልካ ሰዲና በአሚባራ የታየ ነው፤ ሰፋፊ የጥጥና የሙዝ ማሳዎች በጨውና በውሃ መቋጠር ከምርት ወጥተዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ጨዋማነት በአንድ ዓመት አይታይም፤ ሲታይ ደግሞ መመለሻው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ቤሌ ለዚህ ክርክር ጥሩ ቦታ የምትሆነው ታሪክ ስላላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው፣ በምህጻሩ ዋዱ ተብሎ የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ዩኒት፣ መሬት ከጠበበባቸው ደጋማ ቦታዎች ገበሬዎችን አንስቶ ካሰፈረባቸው ቆላዎች አንዷ ቤሌ ናት፤ ሌላዋ አበላ። እንሰት፣ ጎደሬና ስኳር ድንች ጓሮው ውስጥ ሲያበቅል የኖረ ደገኛ ቆላ ሲወርድ አፈሩም ሙቀቱም ሌላ ይሆንበታል። ወባ አለ፤ ለከብቱ ደግሞ ገንዲ አለ። ከአባት የተወረሰው የእርሻ ዕውቀት ሙሉ በሙሉ አብሮት አይወርድም። ያኔም ዛሬም ለቆላው ገበሬ የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ ወላይታ ጉልበት አንሷት አታውቅም። የጎደለው በአዲሱ መሬት ላይ አዲሱን ሥራ አብሮት የሚሞክር ሰው ነው።

«የገበሬው ችግር ዕውቀት አይደለም፤ የነዳጅ ዋጋ፣ የፓምፕ መለዋወጫና ቲማቲም ሲደርስ የሚወድቀው ገበያ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ መናቅ የሌለበት ሐሳብ ነው። ስልጠና የደላላን ዋጋ አያስተካክልም። ሆኖም በፓምፕ የሚያጠጣ ሰው 5 ሰዓት ትርፍ ውሃ ሲያፈስ 5 ሰዓት ነዳጅ እያቃጠለ ነው። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ማጠጣትን ማወቅ ትርፍና ኪሳራን ይለያል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፦ ከላይ ያለው ገበሬ ውሃ ቢቆጥብ ምን ያገኛል? ብቻውን ምንም። ቁጠባው የሚጠቅመው የታችኛውን ነው። ስለዚህ ገበሬን ለየብቻ ማሠልጠን ዋጋ የለውም። ሥልጠናው ከተራና ከደንብ ጋር መታሰር አለበት። በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ውስጥ «የውሃ አባት» የሚባለው ሰው ይህን ሲሠራ ኖሯል፤ በትግራይ «አቦ ማይ» ይሉታል። ተራ ያወጣል፣ ያጣላውን ያስታርቃል፣ ቦይ ለመጥረግ ሰው ያወጣል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለዚህ አሠራር ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቶታል። ሕጉ አለ። የቀረው ማኅበሩ ማኅተም ከመያዝ አልፎ ሰዓት መቁጠር እንዲችል ማድረግ ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት ስልጠና? መልሱ ከሩቅም ከቅርብም አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በኢንዶኔዥያ የሩዝ ገበሬዎች መካከል የተጀመረው የማሳ ትምህርት ቤት ገበሬዎችን በየሳምንቱ ማሳ ላይ እያገናኘ፣ ከዘር እስከ አጨዳ አንድ ሙሉ ወቅት ያስተምራል። አስተማሪው ሰሌዳ የለውም፤ ሰሌዳው ማሳው ነው። ይኸው አሠራር ለመስኖ ይስማማል። ከመሬቱ በሥሩ ጥልቀት ልክ ቆፍሮ አፈሩን በእጅ ጨብጦ እርጥበቱን ማየት ምንም ወጪ የለውም። የሽንኩርት ሥር ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል፤ ሥሩ ከ1 ሜትር የሚዘልቀው በቆሎ ግን ራቅ እያለ ጠለቅ ያለ ውሃ ይችላል። ትንሽ ገንዘብ ካለ ደግሞ ውሃው የተፈለገው ጥልቀት ላይ ሲደርስ ምልክት የሚያሳይ ቀላል መሣሪያ አለ፤ በቆጋ መስኖ በገበሬ ማሳ ላይ ተሞክሯል።

የሚያስተምርም አልጠፋም። አርባ ምንጭ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የውሃ ባለሙያ እያወጣች ነው። ሶዶ ዩኒቨርሲቲም የግብርና ኮሌጅም አላት። በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛና የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል አለ። ግን መሐንዲሱ የተማረው ቦይ መንደፍ ነው፤ የልማት ጣቢያው ሠራተኛ ደግሞ ከማዳበሪያ እስከ መዋጮ ሁሉም ሥራ ይጫንበታል። በመሐል ያለው፣ ውሃው ከቦዩ ወጥቶ ማሳ የሚገባበት ቦታ፣ ባለቤት የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ። በብዙ ቤት ፈሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው ሚስት ናት ወይም ልጅ ነው። ለስልጠና የሚጠራው ግን አባወራው ነው። የማያጠጣውን ሰው ማጠጣት ማስተማር የበጀት ብክነት ነው።

ስለዚህ ለቤሌም ሆነ ለሌላው ቆላ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ የመስኖ ፕሮጀክት ቦዩ ሳይመረቅ በፊት የሁለት የመኸር ወይም የበጋ ወቅት የማሳ ላይ ስልጠና በጀት ይያዝ። በየቦዩ አንድ ሰው በዚሁ ሥራ ብቻ ይመደብ። ሪፖርቱም ይለወጥ። «ይህን ያህል ሺህ ገበሬ ሠልጥኗል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚነግረን የአዳራሹን ወንበር ቁጥር ነው። ኃላፊው ሪፖርት ይዞ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ በቦዩ ጫፍ ያለው የመጨረሻው ማሳ በዚህ ሳምንት ውሃ ደርሶታል?