ሥሩን ለሚጠጣ ልጅ ክኒኑ ይቅርበትን?



በኩታበር ደጋ ብርዱ ጽኑ ነውና ልጅ ከምድጃ ዳር አይለይም። የሚጥል ሕመም ላለበት ልጅ ግን ያው ምድጃ አደጋ ነው፤ ሕመሙ በድንገት ሲጥለው እሳት ላይ ይወድቃልና። በአጠገቡ ያለውም ሰው አረፋው ይጋባብኛል ብሎ ስለሚፈራ ቶሎ አያነሣውም፤ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ያሸተዋል እንጂ። አረፋው ምራቅ ነው፤ ሕመሙን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ጢሱም ምንም አይረዳ። ልጁን ከእሳት ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉም ምንም አለማስገባት ይበቃል። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን ወደ ሐኪም ማድረስ ያሻል።

እናቲቱ አስቀድማ የምትሄደው ወደ መድኃኒት አዋቂ ነው፤ አይፈረድባትም። ግዛዋና ቀበርቾ ሲታጠን ያላየ ማን አለ? ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ከ60,820 ነዋሪዎች መካከል 316 ሕሙማን አግኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት እንደ ገለጡት፣ የብዙዎቹ ሕክምና ሥር፣ ጠበልና ክታብ ሲሆን፣ የታወቀውን የሕመሙን መድኃኒት የሚወስዱት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በዚህ ነገር ብቻችንን አይደለንም። ቻይናዎች ለዚሁ ሕመም ሥርና ቅጠል ቀምመው ሲያጠጡ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ቅመማውንም በመጽሐፍ ጽፈው አቆይተውታል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኮክሬን ግምገማ በሕሙማን ላይ የተደረጉትን ሙከራዎች መርምሮ፣ በዚህ ታከሙ ብሎ ለመምከር የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ቅጠሉ ከንቱ ነው ማለቱ አይደለም፤ አልተረጋገጠም ማለቱ ነው። በመጽሐፍ የሰፈረው የእነርሱ እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ አዋቂ ልብ ተሰውሮ የኖረው የእኛ ሥርማ በምን ይመዘናል? ከዕፅዋታችንም እንደ አስተናግር ያለው መርዝ ነው፤ ለሕፃን መጠኑን ማን ያውቃል?

ፌኖባርቢታል የተባለው ክኒን ለዚህ ሕመም መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ዓ.ም. ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። በአንጎል ውስጥ ልክ ያለፈውን የነርቭ ግለት ያበርዳል። ነገር ግን በየቀኑ ካልተዋጠ አይጠቅምም፤ በድንገት ቢተዉትም ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፤ ያለ ፋታ እየደጋገመ የጣለውን ልጅ ሊገድለው ይችላል። እኔ ከሥሩ ይልቅ የምፈራው «ይህን ስትጠጣ ያንን ተው» የሚለውን ቃል ነው። ልጁ የጠጣውን ሥር ለሐኪሙ ደብቁ የሚል ቢኖርም አትስሙት፤ ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል።

ጠበልም ክኒን አያስጥልም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ፣ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደማይከለከል አስታውቀዋል፤ ደዌው ሌላ ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። ስለዚህ በመስከረም 21 ቀን ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ግሸን ማርያም የምትወጡ ሁሉ፣ ስንቃችሁን ስትቋጥሩ እስክትመለሱ ድረስ የሚበቃውን ክኒን አብራችሁ ቋጥሩለት።