«የሕግ ክፍተት የለም» ሲሉን

«የሕግ ክፍተት የለም፤ የጎደለው ጥቆማ ነው።» የሕፃናት ጥቃት በተነሳበት ስብሰባ ሁሉ፣ ሆሳዕናም ይሁን ዱራሜ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ የማትቀር ዓረፍተ ነገር ናት። እኛም አንገታችንን እንነቀንቃለን። እስቲ ዛሬ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ይዘናት እንግባ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነው እንበል። የፊት ጥርሱ ተሰብሯል፤ የላይኛውን ከንፈር ከድድ የሚያያይዘው ቀጭን ሥጋ ተበጥሷል። አባቱ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ያመጣችው አክስቱ ናት። «ከዛፍ ወድቆ ነው» ትላለች። መዳፉና ጉልበቱ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም፤ ሐኪሙ ድብደባ ይጠረጥራል።

ሐኪሙ ምን ግዴታ አለበት? በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 ወንጀልን አለማስታወቅ የሚያስቀጣው፣ ሌላ ሕግ ወይም የሙያ ደንብ ማስታወቅን ካላዘዘ በቀር፣ ወንጀሉ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ እስራት የሚያስከትል ሲሆን ነው። ልጅ መደብደብንና ማጎሳቆልን የሚመለከተው አንቀጽ 576 ደግሞ፣ ከባድ ጉዳት ካልደረሰ በቀር፣ ከሦስት ወር አያልፍም። ከሦስት ወር እስከ ዕድሜ ልክ ያለው ርቀት «ክፍተት የለም» በሚሉን ሰዎች ቋንቋ ክፍተት አይባልም መሰለኝ። የባሰም አለ፤ በአንቀጽ 561 የወተት ጥርስ በማውጣት ሕፃን የገደለ ሰው በመደበኛው ድንጋጌ ቢበዛ አንድ ዓመት ይታሰራል። እንግዲህ ሕፃን ሞቶም የ443 ደጃፍ አይደርስም።

አንቀጽ 399 ግን የሙያ ምስጢር ያወጣ ይቀጣል ሲል የጥርስ ሐኪሙን አልረሳውም፤ ከነሙያው ጠርቶታል። አንቀጽ 400 መውጫ ያበጃል፤ መፍቀድ ግን ማዘዝ አይደለም። ታካሚህን ነገ ለቅሶ ቤት በምታገኝበት ከተማ «ትችላለህ» የተባለ ሰው ዝም ይላል። እኔም ብሆን። በሩን ዘግቶ «እንግዳ ቀረብን» ማለት ይሏል ይሄ ነው።

አሜሪካኖች ሐኪም የማስታወቅ ግዴታ እንዲኖርበት ሕግ ማውጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ ዛሬ በሁሉም ግዛቶች የጥርስ ሐኪሙም ግዴታው አለበት።

እኛስ ብናወጣ? እዚህ ላይ እጠራጠራለሁ። መንጋጋው በስብሶ የመጣን ልጅ ሁሉ ቤተሰቡ ቸል ብሎታል ልንል ነው? የትራንስፖርት ብር አጥታ ወራት የቆየችውን እናት ፖሊስ ከጠራንባት፣ ቀጣዩን ልጇን የምትወስደው ወደ መንደር ጥርስ ነቃይ ነው። ያለ ሕግ ግዴታ የተጀመረ ሥራም አለ፤ ከምባታ ውስጥ ቦጋለች ገብሬና የመሠረተችው ድርጅት፣ ከምባቲ መንቲ ጌዚማ፣ የሴት ልጅ ግርዛትን መታገል የጀመሩት፣ ይህ የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከመዋሉ ከዓመታት በፊት፣ በየመንደሩ ሰው እየሰበሰቡ በማነጋገር ነበር። ግርዛት ግን አገር የሚያውቀው ልማድ ስለሆነ ጉባኤ ይጠራበታል። በአክስትየዋ ጓዳ ለሚሆነው ግን ጉባኤ አይጠራም።

ልጁ ጥርሱ ተጠግኖ ወደዚያው ቤት ይመለሳል። ሐኪሙ ቢጠቁም ኖሮ ማታውን የት ያድር እንደነበር ስጠይቅ፣ የመለሰልኝ ሰው የለም።

ዓምደኛው፣ ከሆሳዕና