ካታሊስት አይለወጥም ያለው ማነው?

«ካታሊስት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን የማይለወጥ ነገር ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ የማይወጣ ሰልጣኝ በተቋማችን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ፈተና ላይ ትጻፋለች፣ ማርክ ታስገኛለች፣ ከዚያም ከተመራቂው ጋር ወደ ፋርጣ፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ላይ ጋይንት ትሄዳለች። እዚያም ሕፃናቱ እንደ ዳዊት ይደግሟታል። በእኔ አስተያየት ዓረፍተ ነገሯ ግማሽ እውነት ብቻ ናት፤ ክፋቷም ተማሪው «እንዴት አድርጎ?» ብሎ እንዳይጠይቅ አፉን መዝጋቷ ነው።

ነገሩን በአንድ የኢንዱስትሪ ምሳሌ እንመልከተው። በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ በአብዛኛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። እነዚህ ቀላል አልኬኖች ካርቦናቸው በሃይድሮጅን የጠገበ ስለሆነ ከመቃጠል በቀር ለሌላ ሥራ በቀላሉ አይታዘዙም። ሆኖም ከእነርሱ ቤንዚን፣ ቶሉይንና ዛይሊን የተባሉትን አሮማቲኮች ማውጣት ይቻላል። (ይህ ቤንዚን ማደያ ከሚቀዳው ጋር ስሙ ተመሳስሎብን ነው እንጂ፣ ስድስት ካርቦኖች ቀለበት ሠርተው የያዙት አንድ ውሁድ ነው።) ከዛይሊን አንደኛው ዓይነት ደግሞ ፖሊስተር ይሠራበታል። ፖሊስተር ማለት የምንለብሰው ጨርቅ፣ «ሃይላንድ» የምንለውም የውሃ ፕላስቲክ ነው።

ሥራውን የሚሠራው ዜድ.ኤስ.ኤም. 5 የተባለ ዜኦላይት ነው፤ ሞቢል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ፓተንት ያገኘበት። ዜኦላይት ከሲሊኮን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክሲጅን የተገነባ፣ ውስጡ እኩል በሆኑ ቀዳዳዎች የተሞላ ክሪስታል ነው። እንጀራ ዓይን አለው አይደል? ዜኦላይትም አለው፤ ግን የዚህኛው ዓይን ስፋት 0.55 ናኖሜትር ያህል ነው። በ1 ሚሊሜትር ላይ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑት ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። የቤንዚን ሞለኪውል በዚህ በር ተጣብቦ ያልፋል፤ ከዚያ እጅግ የወፈረው ግን አያልፍም።

ወንፊቱ ብቻውን ግን አይበቃም። የዜኦላይቱ አሲድነት ብቻውን ሲሆን ፕሮፔኑን ሰባብሮ ብዙውን ሚቴንና ኢቴን አድርጎ ያባክነዋል። ስለዚህ ጥቂት ጋሊየም ወይም ዚንክ ይጨመርበታል። ሜታሉ ሃይድሮጅኑን እየነጠቀ በጋዝ መልክ ይለቀዋል፤ አሲዱ የቀሩትን ቁርጥራጮች ያያይዝና ቀለበት ያደርጋቸዋል። ሁለት ፕሮፔን ገብተው አንድ ቤንዚንና አምስት የሃይድሮጅን ሞለኪውል ይወጣሉ። ሚዛኑን መጠበቁን ሰልጣኙ ራሱ ቆጥሮ ያረጋግጥ። ቢፒና ዩኦፒ የተባሉት ኩባንያዎች ጋሊየም ያለበትን ይህን ዘዴ «ሳይክላር» ብለው ለኢንዱስትሪ አብቅተውታል።

እንግዲህ «አይለወጥም» ወደምትለው እንመለስ። ሥራው የሚካሄደው ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ነው። በዚያ ሙቀት ቀለበቶቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ጥላሸት የመሰለ ካርቦን ይሆኑና የዜኦላይቱን በሮች ይደፍናሉ። ካታሊስቱ ይደክማል። አየር ተነፍቶበት ካርቦኑ ሲቃጠል እንደገና ይነሳል። ዚንኩማ ቀስ በቀስ እየተነነ ሊጠፋ ይችላል። ታዲያ ይህ ነው የማይለወጠው? ካታሊስት ሃይድሮጅን እየተቀበለና እየሰጠ፣ ቦንድ እያሰረና እየፈታ ነው የሚሠራው። ገብቶበት ይወጣል እንጂ ዳር ቆሞ የሚመለከት አይደለም። አንዳንድ መምህራን በእርሾ ይመስሉታል። ምሳሌው ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን እርሾ ሕይወት ያለው ነው፣ ይራባል። ካታሊስቱ በእርሾው ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው ቢባል ይሻላል።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። በኦጋዴን የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሆን የምርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት! አሁን «ጋዝ ካለን ፕላስቲኩንም እኛው እናመርታለን» የሚል ተማሪ ቢነሳ መምህሩ ምን ይመልስለታል? የተፈጥሮ ጋዝ አብላጫው ሚቴን ነው። ሚቴን ደግሞ ከፕሮፔን ይልቅ ግትር ነው፤ ሞሊብዲነም የተጨመረበት ዜኦላይትና 700 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። በዚያ ሙቀት እንኳ በአንድ ጊዜ የሚለወጠው ከመቶ 12 ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የኬሚካሉ ሚዛን አይፈቅድም። ካታሊስት ፍጥነትን ይጨምራል እንጂ ሚዛንን አያዛውርም። ለተማሪው መነገር ያለበት ይህ ነበር፤ በሸመደድናት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን የለም።

ዜኦላይት ራሱ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በከፍተኛው ምድራችን ባዛልት ቀዳዳዎች ውስጥ ነጫጭ ክሪስታሎች ይታያሉ፤ አንዳንዱ ዜኦላይት ነው። ትንሽ ፈጭቶ ሎሚ ማንጠባጠብ ነው፤ አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው፣ ካላወጣ ዜኦላይት ወይም ኳርትዝ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶችም ካኦሊን ከሚባለው የአገራችን ነጭ አፈር ዜኦላይት ኤ የተባለውን ዓይነት ሠርተዋል። ዜድ.ኤስ.ኤም. 5 ግን ሲሊካ አብዝቶ ስለሚፈልግ ካኦሊን ብቻውን አይበቃውም።

«ላቦራቶሪ የለንም» የምትለዋን ሰበብ ደግሞ እንተዋት። ድንች የማይገኝበት ወረዳ የት አለ? ከፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በሁለት ብርጭቆ ቅዱ። በአንዱ ጥሬ ድንች፣ በሌላው ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች ጨምሩ። ጥሬው ኦክሲጅን እያወጣ አረፋ በአረፋ ይሆናል፤ የተቀቀለው ኢንዛይሙ በሙቀት ስለተበላሸ ዝም ይላል። ከዚያ ያችን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፏትና ተማሪዎቹ ራሳቸው ያርሟት።