ለሞት እድር አለን፤ ለሥራ ማጣትስ?

ዱከም በደመወዝ የምትተነፍስ ከተማ ናት። በኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ያሉት ፋብሪካዎች ደመወዝ ሲከፍሉ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ የሱቅ ዱቤ ይዘጋል፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይገባል። ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ ደግሞ ባለሱቁ ቀድሞ ያውቃል፤ የዱቤ ደብተሩ ይወፍራል። ለመሆኑ ሥራ ያጣ ሰው ሌላ እስኪያገኝ ማን ይደጉመዋል?

በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከአሠሪዎች በሚሰበስቡት ግብር ለሥራ አጦች አበል ይከፍላሉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የፌዴራሉ መንግሥት ተበድሮ በዚያ ላይ በሳምንት 600 ዶላር ጨመረ፤ ጭማሪው እስከ ሐምሌ ቆየ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ የሥራ አጥነት መድን የለም። በዚያው ዓመት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት የወጣው ደንብ አሠሪዎች እንደ ልባቸው ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ከለከለ። ደመወዙን እንዲከፍል የተጠበቀው ግን ያው ገበያ ያጣው አሠሪ ነበር። ለአልባሳት ፋብሪካ ሠራተኞች በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በኩል የመጣው የደመወዝ ድጎማም ገንዘቡ ከጀርመን መንግሥት ነው።

በየወሩ ከደመወዛችን የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ለጡረታ ነው፤ ሥራ ላጣ ሰው ወርሃዊ አበል አይሆንም። የሚቀረው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው።

እስቲ እናስላው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰባል። በሠራተኛ ቅነሳ ለተሰናበተ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ወር 12,000 ብር እየተከፈላት 4 ዓመት የሠራች እናት በቅነሳ ብትወጣ 24,000 ብር ስንብትና 24,000 ብር ተጨማሪ፣ በድምሩ 48,000 ብር ይደርሳታል፤ ግብር ሳይታሰብ የ4 ወር ደመወዝ ማለት ነው።

ችግሩ፣ ይህ ገንዘብ የሚጠየቀው አሠሪው ራሱ ኪሱ በተራቆተበት ሰዓት መሆኑ ነው። ቀድሞ የተጠራቀመ ቋት የለም። ስለዚህ ሸክሙ በወንድም፣ በእህትና በወላጅ ላይ ይወድቃል። እነሱም በዚያው ፋብሪካ የሚሠሩ ከሆነ የሚደግፍ አይኖርም።

ቀድሞ ማዋጣትን ግን ማንም አያስተምረንም። እድርተኛ ሰው ሳይሞት በየወሩ ይከፍላል። የሥራ አጥነት መድንም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሠራተኛውና አሠሪው በደህናው ቀን ጥቂት ጥቂት ያስቀምጣሉ፣ በክፉ ቀን መንግሥት ይጨምርበታል። አገራዊው ቋት እስኪቋቋም የመሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኛ ማኅበር ወይም የሰፈራችሁ እድር ሥራ ላጣ አባል የ2 ወር አስቤዛ የሚሸፍን መዋጮ ቢጀምር ምን ይመስላችኋል? በሚቀጥለው ስብሰባ አንሱት። የቀብር ድንኳን ለመግዛት የተስማማ ሰፈር የልጆችን እራት ለመሸፈን መስማማት አያቅተውም።