ስለ ሐኪም ቤት ጢስና አመድ

ሐኪም ቤት የሚሠራው የታመመ እንዲድንበት እንጂ ጤነኛው እንዲታመምበት አይደለም። ነገር ግን ወለሉ የተጠረገ፣ አልጋውም በነጭ ልብስ የተነጠፈ ሐኪም ቤት ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ንጽሕናውን ሊመረምር የሚወድ ሰው ወደ ጓሮው ዞሮ ጢሱ ወዴት እንደሚነፍስ፣ አመዱ የት እንደሚደፋ፣ እጣቢውም ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚወርድ ይመልከት።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በሚገኝ አንድ ፍርድ ቤት ቃል ስንጽፍ የሰማነው ክርክር ነው። አንድ ብላቴና ጥጃ ሲጠብቅ በአንድ የግል ሐኪም ቤት ጓሮ፣ ከአመድ ጉድጓድ ዳር፣ በባዶ እግሩ መርፌ ረገጠ። እናቱም ነገሩን እንደ እሾኽ ቈጥረው መርፌውን ነቀሉለት፤ ቁስሉንም ቅቤ ቀብተው አራት ቀን በቤት አቈዩት። በአምስተኛው ቀን ወደ ሆስፒታል ቢወስዱት ሐኪሙ፣ ‹‹የሰው ደም በነካው መርፌ የተወጋ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን መምጣት ይገባዋል፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና አሁን ጊዜው አልፏል›› አላቸው። እናቲቱም በዚህ ደንግጠው ክስ አቀረቡ።

የሐኪም ቤቱ ባለቤት ሲጠየቅ፣ ‹‹ጌታዬ፣ እኔ ቆሻሻውን ሜዳ ላይ አልጣልሁም፤ ጉድጓድ አስቈፍሬ በየሳምንቱ አቃጥላለሁ›› ብሎ መለሰ። ዳኛውም ከስፍራው ድረስ ሄዱ፤ እኛም መዝገብ ይዘን ተከተልን። አመዱን በእንጨት ቢያስገላብጡት ላስቲኩ ግማሹ ቀልጦ፣ ግማሹ እንዳለ ሆኖ፣ መርፌዎቹ ግን ከነሹልነታቸው ተገኙ። እሳቱ የሚታየውን አጥፍቶ የሚወጋውን ትቶት ነበር።

ይህ ሰው በክፋት አላደረገውም፤ እንደ ብዙዎች ሁሉ እሳት ሁሉን ያነጻል ብሎ አምኖ ነው። ነገር ግን በጉድጓድ የሚነድ እሳት ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ፕላስቲክን፣ ይልቁንም ክሎሪን ያለበትን፣ ሲያቃጥል ዳይኦክሲንና ፉራን የሚባሉ መርዞችን ይወልዳል። እነዚህ መርዞች በሣርና በአፈር ላይ ዐርፈው በላም ወተትና በዶሮ እንቍላል ወደ ሰው ይመለሳሉ፤ ነቀርሳንም ያመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው የሚታመን ማቃጠያ ሙቀቱ ከ850 እስከ 1,100 ዲግሪ የሚደርስና ጢሱን የሚያጣራ መሣሪያ ያለው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ነገር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ እርሱም መለየት ነው። ይኸው ድርጅት እንደ ገለጠው ከሐኪም ቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከመቶ 85 ያህሉ እንደ ማናቸውም ቤት ጥራጊ ነው፤ አደገኛው 15 ያህሉ ብቻ ነው። ወረቀቱና የምግብ ትራፊው በጥቍሩ ቅርጫት፣ ደም የነካው በቢጫው፣ መርፌና ምላጭ በማይበሳ ሣጥን ቢገባ፣ የሚያስፈራው ክፍል ትንሽ ሆኖ ይቀራል። አንድ ደም የነካው ጥጥ በንጹሕ ወረቀት መካከል ከተጣለ ግን ቅርጫቱ በሙሉ አደገኛ ይሆናል።

ሁለተኛው በእሳት ፈንታ በእንፋሎት መሥራት ነው። አውቶክሌቭ የሚባለው ክዳኑ የጠበቀ ብረት ድስት እንፋሎትን አፍኖ 121 ዲግሪና ከዚያም በላይ በማድረስ ተውሳክን ይገድላል፤ የጉድጓዱንም ጢስ ያስቀራል። በዚህ ነገር የደጋ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውኃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ መሣሪያን በተራ ድስት ቀቅሎ ነጽቷል ማለት በቆላ ካለው ይልቅ በደጋ ያለውን ያሳስታል። አውቶክሌቭ ያለውም ቢሆን በከፍታ ስፍራ የግፊት መለኪያው እንዳያታልለው የሙቀቱን መለኪያ ጭምር ይመልከት።

ይህ ድስት የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ የአገራችንም ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ የሚገኝ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከሚያቍረው ውኃ አንዱ ክፍል ከጮቄ ተራራ ወርዶ በጨሞጋና በሌሎች ወንዞች ወደ ዐባይ የሚገባው ነው። ከደጋችን የወረደ ውኃ ኃይልና ብርሃን ለሚሆንልን እኛ በምላሹ የሐኪም ቤት እጣቢ ብንሰድለት ታላቅ ነውር ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባልደረሰበት ስፍራም ላምባ ሳይነድ ክትባትን በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ማቀዝቀዣ መጠበቅ ይቻላል፤ በአገራችንም በብዙ ጤና ጣቢያ ተተክሏል።

ሦስተኛው ከሐኪሙ ይልቅ ከእኛ ከታማሚዎች የሚፈለግ ነው። ብዙ ሰው መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። በዓለም ላይ በያመቱ 16 ቢሊዮን ያህል መርፌ እንደሚወጋ ተገምቷል፤ ያገለገለውም መርፌ ሁሉ በሚገባ አይወገድም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት የዓለም የሕክምና ሥራ አየርን ከሚያሞቁት ጋዞች ከመቶ 4.4 ያህሉን እንደሚያወጣ ገለጠ፤ የዚህም አብዛኛው ከሚገዛው ዕቃና መድኃኒት የሚመጣ ነው። ክኒን ለሚበቃው በሽታ መርፌ ካልሆነ ብሎ ሐኪሙን የሚያስቸግር ሰው አንድ ብልቃጥና አንድ መርፌ በከንቱ ወደ ጉድጓዱ መጨመሩን ይወቅ።

በየቤታችንም ደግሞ ሐኪም ቤት አለ። ለስኳር በሽታ መርፌ የሚወጋ ሰው ያገለገለውን ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ሰብስቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይመልስ። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ወደ ወንዝ አይጣል፤ እርሱንም ወደ መድኃኒት ቤት ወስዶ ይጠይቅ። ባዜቃ ያለበት የትኩሳት መለኪያ ቢሰበር እመቤቲቱ በመጥረጊያ አትጥረገው፤ ልጆችን አስወጥታ መስኮት ትክፈት፤ ጠብታውን በወረቀት ሰብስባ በጠርሙስ ትክደነው። እንዲህ ያለው መለኪያ እንዳይሠራ፣ ከአገር ወደ አገርም እንዳይሸጥ የሚናማታው ስምምነት ያዘዘው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

ሹማምንትም ሐኪም ቤት ሲጎበኙ በአዳራሹ ብቻ ተቀብለዋቸው እንዳይመለሱ እንለምናለን። ‹‹ቆሻሻው የሚለየው የት ነው? ጉድጓዱ ታጥሯልን? አውቶክሌቩ ይሠራልን ወይስ ተበላሽቶ ተቀምጧል?›› ብለው ይጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ያ ብላቴና ሦስት ወር ሙሉ ደሙ እየተመረመረ ቈይቶ ደኅና መሆኑ ታወቀ። ባለቤቱም ካሳ ከፈለ፤ ጉድጓዱን በግንብ አጠረ፤ መርፌውንም ለብቻ በሣጥን ማድረግ ጀመረ። ይህ ሁሉ በመዝገብ ተጽፏል። እናቲቱ ያንን ሦስት ወር እንዴት እንዳደሩት ግን በመዝገቡ የለም።