ጂግ ሮቦትን ወደድኩት፤ ግን ሒሳቡን ማን ከፈለ?

አንድ ፊልም «በትንሽ በጀት የተሠራ፣ ሻካራ፣ እውነተኛ» ከተባለ ጥፋቱን ሁሉ ይቅር የምንል ሰዎች በዝተናል። እኔም አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ ጠቤ ከራሴም ጋር ነው። (ያላያችሁት ተጠንቀቁ፣ መጨረሻውን አወራለሁ።)

«ሎ ክያማቫኖ ጂግ ሮቦት» የጣልያናዊው ጋብሪዬሌ ማይኔቲ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ በቃ። ኤንዞ የሚባል ተራ ሌባ ከፖሊስ ሲሸሽ ሮም ውስጥ ቲቤር ወንዝ ይገባል። እዚያ የተጣለ መርዛማ በርሜል ይበክለዋል፤ ከዚያ በኋላ ብረት የሚያጣምም ጉልበት ያገኛል። ታዲያ ዓለምን አዳነ? ኧረ ምን ሲደረግ! ኤቲኤም ከግድግዳ ነቅሎ ሄደ።

የፊልሙ ብርታት እዚህ ጋ ነው። ካባ የለም፣ ቤተ ሙከራ የለም። ቶር ቤላ ሞናካ በሚባል የሮም ዳርቻ ሰፈር ብቻውን የሚኖር፣ እርጎና የወሲብ ዲቪዲ የሚበቃው ሰው ጉልበት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ገንዘብ ነው። ጠላቱ ዚንጋሮም ቢሆን የሚንገበገበው ዓለምን ለመግዛት አይደለም፤ የኤቲኤሙ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ሲዛመት «ለምን እኔ አልሆንኩም?» ብሎ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ሉካ ማሪኔሊ ደግሞ ጉድ አድርጎ ተጫውቶታል።

አሌሲያ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። በአባቷ ጥቃት የተጎዳች፣ ኤንዞን የጃፓን ካርቱን ጀግና አድርጋ የምታይ ልጅ ናት። ኤንዞ ቀሚስ ሊገዛላት ወስዷት ልብስ መሞከሪያ ክፍል ውስጥ ወሲብ ይፈጽምባታል። እሷ ትጎዳለች፤ ፊልሙ ግን ብዙም ሳይቆይ ያስታርቃቸዋል። ከዚያ ትሞታለች። በሞቷም እሱ ጀግና ይሆናል፣ ኦሊምፒኮ ስታዲየም ሄዶ ሕዝብ ያድናል።

«ኤንዞ እኮ ጻድቅ ነው አልተባለም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ቅሬታዬ በማጥፋቱ አይደለም። ፊልሙ ከመጀመሪያው የጠየቀን «ጉልበት ያገኘ ሰው ምን ያደርግበታል?» ብሎ ነው። ኤቲኤሙ ፊት በድፍረት መለሰልን። አሌሲያ ፊት ሲደርስ ግን መልሱን አድበስብሶ ወደ ስታዲየም ሮጠ። ቦምብና ጩኸቱ ከየትኛውም ውድ ፊልም የምናውቀው ነው።

በ2016 ሰባት የዳቪድ ዲ ዶናቴሎ ሽልማት ወሰደ፤ አንዱ አሌሲያን ለሠራችው ለኢሌኒያ ፓስቶሬሊ ነበር። ይገባታል። ድርሰቱ የነፈጋትን ክብር በትወናዋ ያስመለሰችው እሷ ናት።

እዩት፣ ይወደዳል። ግን በጀቱ ትንሽ ስለሆነ የሷን ዕዳ አንሰርዝለት።